እንግዳ መምህር የት ይቀመጣል?



ለማስተማር ወደማታውቁት ከተማ ብትሄዱ፣ ዒልማችሁ በባለአገሩ ላይ ሥልጣን ይሰጣችኋል?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለኢማምነት ቅድሚያ ያለው ቁርኣንን ይበልጥ የሚያውቀው መሆኑን አስተምረዋል። በዚያው ሐዲሥ ግን በሰው ቤት ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማሰገድንም፣ በክብር ቦታው መቀመጥንም ከልክለዋል። ዐዋቂም ያስፈቅዳል። ከጊደር መጋላ ወደ ጀጎል ቤቶች ጎራ ያለ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ነደባው፣ ማለትም መደቡ፣ ደረጃ በደረጃ ነው፤ ለሁሉም ቦታ አለው።

«ሐቅ ፈቃድ ይጠይቃል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይርን (ረ.ዐ) ተመልከቱ። ከሂጅራ በፊት ቁርኣን ሊያስተምር ከመካ ወደ የስሪብ ተላከ፤ በአስዐድ ኢብኑ ዙራራ ቤት በእንግድነት አረፈ። ኡሰይድ ኢብኑ ሑደይር ጦሩን ይዞ ሊያባርረው መጣ። ሙስዐብ ግን ተቀምጦ እንዲያዳምጥ፣ ከወደደው እንዲቀበል፣ ከጠላው እንደሚተውለት ነገረው። ኡሰይድ ጦሩን መሬት ላይ ተክሎ ተቀመጠ፤ ሰምቶም ሰለመ።

ሙስዐብ ከሐቁ ምንም አልቀነሰም፤ የጠየቀው ጆሮ ብቻ ነው። እናንተም ክፍል ከመግባታችሁ በፊት የከተማውን ሰላምታ ተማሩ፤ ባሳዩአችሁ ቦታ ተቀመጡ።

አላህ ዒልማችንን በአደብ ያስውብልን። ጁሙዓ ሙባረክ!