መራጭ የመንግሥት ዕዳ ዋስ ነውን?



በዚህ በሃያብለ ከአገር ቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። የዘይትና የጤፍ ዋጋ፣ የቤት ኪራይና የግብር ነገር ከተወራ በኋላ አንዱ፣ «ያልበላነውን ዕዳ ለምን እንከፍላለን?» ይላል። ሌላው ፈጠን ብሎ፣ «መርጣችሁ የለም ወይ? የመረጠ ይክፈል!» ሲል ይመልስለታል። ሁለቱም በቁጣ ስለሚናገሩ ክርክሩ ሳይቋጭ ይበተናል። እኔም ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም ተሰልፈው ድምፅ ከሰጡት አንዱ ስለሆንሁ ጥያቄው ይመለከተኛል። ስለዚህ ነገሩን በሚዛን ብናየው ይበጃል በማለት ይህችን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ። ጥያቄው አጭር ነው፤ ለመሆኑ መራጭ መንግሥት ለሚበደረው ገንዘብ ዋስ ነውን?

በቅድሚያ ዋስ ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አባቶቻችን ዕዳን እንደ ቀላል ነገር አያዩትም ነበር። መክፈል ያቃተው ተበዳሪ ከአበዳሪው ጋር በቁራኛ ይታሰር ነበር፤ ዛሬ «የበሽታ ቁራኛ» ስንል ቃሉን የወረስነው ከዚያ ነው። ዋስ የሚሆን ሰው ግን ሦስት ነገሮችን ያውቃል፤ ለማን እንደሚዋስ፣ ለስንት ብር እንደሚዋስና እስከ መቼ እንደሚዋስ። ይህንንም አውቆ በገዛ አንደበቱ «ዋስ ነኝ» ይላል። እቁባችንም እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፤ መዝገቡንም አባል ሁሉ ያየዋል።

አሁን ወደ መንግሥት ብድር እንሻገር። በ2007 ዓ.ም የኢትዮጵያ መንግሥት በዓለም የገንዘብ ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠ። ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ፣ የመክፈያው ጊዜ 10 ዓመት ነበር። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም ግን የስድስት ወር ወለድ የሆነው 33 ሚሊዮን ዶላር ሳይከፈል ቀረ፤ አገራችንም ከዛምቢያና ከጋና ቀጥላ ዕዳ መክፈል አቃታት ተባለ። ቦንዱ ከተሸጠ በኋላ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሁለት ምርጫዎች ተካሂደዋል። በ2007ቱ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የምክር ቤቱን መቀመጫ በሙሉ ያዙ፤ በ2013ቱ ብልጽግና ፓርቲ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን አገኘ። በምርጫው ወረቀት ላይ የዕጩው ስምና ምልክት ነበረ፤ የብድሩ መጠን ግን አልነበረም። ሁሉም በአንድ ወገን በተቀመጠበት ምክር ቤት ደግሞ «ይህ ገንዘብ የት ገባ?» ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅ አይበዛም። እንግዲህ በዋስ ሚዛን ብንመዝነው መራጩ የፈረመው ባዶ ወረቀት ላይ ነው። ባዶ ወረቀት ላይ የፈረመን ሰው «ዋስ ነህ፣ ክፈል» ብሎ መፍረድ ይከብዳል።

ነገር ግን ከዚህ ላይ ቆመን፣ «እንግዲያውስ ምንም ዕዳ የለብንም» ብንል ራሳችንን እናታልላለን። እዚሁ ጅቡቲ፣ ናጋድ ጣቢያ የሚቆመውን ባቡር አስቡት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው ይህ መስመር በአብዛኛው የተሠራው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። በአገር ቤት በ2009 ዓ.ም ተመረቀ፤ በ10 ዓመት ሊከፈል የታሰበው ብድርም ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም በ2010 ዓ.ም ማብቂያ ስምምነት ላይ መደረሱ ተነገረ። ያን ጊዜ ያልተወለደ ልጅ ጎልማሳ ሆኖ ይከፍለዋል ማለት ነው። ሆኖም ባቡሩ አለ፤ ዕቃ ያመላልሳል፤ ያም ልጅ ይጠቀምበታል። እኔም በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የተማርሁት ገበሬው በከፈለው ግብር ነው። የበላ ሰው አልበላሁም ሊል አይገባውም።

በሌላ በኩል በ2004 ዓ.ም የተጀመረውን የያዩ የማዳበሪያ ፋብሪካ እናስታውስ። ፋብሪካው ሳያልቅ ሥራው ተቋረጠ፤ ብድሩ ግን አብሮ አልተቋረጠም። ከያዩ አንድ ጆንያ ማዳበሪያ ያላገኘው ገበሬ ለዚህ መጠየቁ በእውነት «ዕዳ ከሜዳ» ነው። ስለዚህ የመንግሥት ዕዳ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የተበላውን ካልተበላው ለመለየት የሚቻለው መዝገቡ ሲገለጥ ብቻ ነው።

ከብድሩ ይልቅ የሕዝቡን ልብ የሰበረው አከፋፈሉ ይመስለኛል። ግብር በአዋጅ ሲጣል ሰው ያውቀዋል፤ ደረሰኝም ይቀበላል። የኑሮ ውድነት ግን ደረሰኝ የሌለው ግብር ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከወር ደመወዝ ነፃ ያደረገው 600 ብር ብቻ ሲሆን፣ ከ10,900 ብር በላይ ያለውን 35 በመቶ ይቀንስ ነበር። ዋጋ በእጥፍና ከዚያም በላይ ሲጨምር ይህ ሠንጠረዥ እስከ 2017 ዓ.ም ማብቂያ ድረስ አልተነካም፤ ነፃው መጠን ወደ 2,000 ብር ያደገው ያን ጊዜ ነው። በእነዚያ ዓመታት ደመወዙ በቁጥር ያደገለት መምህር ኑሮው ሳይሻሻል እንደ ባለጠጋ ይገበር ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀ፤ በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በ177.721 ለአንድ ዶላር ተወስኖ የቆመ ነው። ስለዚህ ከዚህ የሚላክ 1,000 ፍራንክ በባንክ ከ320 ብር ገደማ ወደ 560 ብር ከፍ አለ። የላከ ሰው ደስ ብሎት ይሆናል፤ ነገር ግን ብሩ ሲበዛ ገበያውም ተከትሎ ወጣ። ልጅ በውጭ አገር የሌላት፣ ድምፅም ሰጥታ የማታውቅ ባልቴት ከዶላር ነጋዴው ይልቅ ከፈለች። «የመረጠ ይክፈል» ለሚለው ወንድማችን ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ዋጋ ሲወደድ የመረጠውንና ያልመረጠውን አይለይም።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1960 ዓ.ም የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ተነሥቶ ነበር። የቆጨው የብሩ መጠን ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ሲለካና ሲመዘገብ ርስቴ ይወሰድብኛል ብሎ ሠግቷል። ገበሬው ያጣው መተማመንን ነበር። መተማመን በሌለበት ቦታ ትንሽ ግብርም ዝርፊያ መስሎ ይታያል፤ መተማመን ባለበት ግን ሰው ለዕድርና ለእቁብ ካለችው ከፍሎ ያድራል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በበኩሌ መራጭ ዋስ አይደለም እላለሁ። ዋስ አለመሆኑ ግን ነፃ አያወጣውም። የምክር ቤት አባልን «እንደራሴ» እንለዋለን፤ «እንደ ራሴ» ማለታችን ነው። እንደ ራሴ የሆነ ሰው የተበደረው ዕዳ የእኔው ዕዳ ነው። እንዲህ ከሆነ ግን መዝገቡም የእኔው መዝገብ ነው፤ የእኔ የሆነውን መዝገብ አታይም የሚለኝ ሹም ደግሞ እንደ ራሴ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ አንዱን ብቻ መርጦ፣ ዕዳውን ለሕዝብ መዝገቡን ለራሱ ማድረግ ፍትሕ አይደለም።

«ከእንግዲህ ድምፄን ለማንም አልሰጥም» የሚሉ ወገኖች አሉ። ምሬታቸው ይገባኛል። ሆኖም ድምፅ የነፈገ ሰው ወለዱን አያስቆመውም፤ ሒሳብ የሚጠይቅበትን አንድ በር ግን በእጁ ይዘጋል። ይልቅስ ዕጩ ሆኖ የሚመጣውን ሁሉ ስለ ተስፋው ሳይሆን በፊት ስለ መዝገቡ እንጠይቀው፤ ስንት ተበደርህ? ለምን አዋልኸው? ማን ይከፍለዋል? ይህን ጥያቄ አገር ቤት ስንገባ አንጀምረውም። እዚሁ በሃያብለ ለለቅሶና ለሕሙም የምናዋጣት ፍራንክ እንኳ ወር በወር ተነብባ ትመርመር፤ የሚያነበውም ሰው በመጠየቁ አይቀየም።

ከዚህ አሳብ የሚለይ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር ብዕሩን አንሥቶ በሚቀጥለው ዕትም ይመልስልኝ።