ደም ይወቀሳልን?



በሮብ ገበያም ሆነ በሌላው የጎጃም ደጋ ሽማግሌ ሲላክ ዘር ይጠየቃል። ከቤቱ የዝሆኔ ሕመምተኛ ካለ ጋብቻው ብዙ ጊዜ በዚያው ይቀራል። በ2004 ዓ.ም. ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት ለዚህ ሕመም ተጋላጭነት በውርስ እንደሚመጣ አሳዩ። ታዲያ «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረት እውነት ሆነን?

አልሆነም እንላለን። ውርሱ ብቻውን እግር አያሳብጥም፤ ቀዩን አፈር ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር መርገጥ ያስፈልጋል። ጫማ ያደረገና እግሩን በሳሙና የሚታጠብ ይጠበቃል። ደሙን ማንም አልመረጠውም፤ ድህነቱን ግን ልናቃልለው እንችላለን።

ወደ ፊት የደም ምርመራ ተጋላጩን ሕፃን አስቀድሞ ይለይልን ይሆናል። ያ ወረቀት በሽማግሌ እጅ ከገባ ጋብቻ ማፍረሻ፣ በእናት እጅ ከገባ ጫማ ማስገዣ ይሆናል። ዕውቀቱ አንድ ነው፤ የሚለየው የተቀባዩ ልብ ነው።

ጌታችን ስለ ዕውሩ ሲጠየቅ በደሉን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላደረገም (ዮሐ. 9)። እንግዲህ እኛም ዘር መቁጠሩን ትተን በየመንደራችን ባዶ እግር እንቁጠር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።