በሰማይ ላይ ስለሚነግድ ገንዘብ

ከቴዎድሮስ አደባባይ ቆመን ወደ ሰሜን አሻቅበን ስንመለከት የእንጦጦ ተራራ ይታየናል። በዚያ ተራራ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ የወጪውንም አብዛኛውን የከፈሉት ባለጸጋው ሼክ መሐመድ አል አሙዲ ናቸው። የተሠራውም ለምርምርና ለትምህርት እንጂ ለንግድ አይደለም።

በሌላው ዓለም ግን ባለጸጎች ገንዘባቸውን ወደ ሰማይ የሚሰዱት ትርፉን አስልተው ነው። ስፔስኤክስ የተባለው የግል ኩባንያ ሮኬቱ ሦስት ጊዜ ከከሸፈበት በኋላ በመስከረም 2001 ዓ.ም. ተሳካለት፤ ከዚያም ወዲህ በዚህ ሥራ ላይ ገንዘቡን የሚያውል ሰው እጅግ በዛ። ሌሎች ኩባንያዎችም ትናንሽ ሳተላይቶችን አምጥቀው የምድርን ፎቶግራፍ ይሸጣሉ።

እንግዲህ በሰማይ መነገድ ኃጢአት ነውን? አይደለም እንላለን፤ በባሕር የሚነግደውን ማንም አልኰነነውምና። የሚያስጨንቀን ሌላ ነው። ዮሴፍ በግብፅ እህሉን በዋጋ ሸጠ፤ የሚመጣውን ረኃብ ግን ለፈርዖን የገለጠለት ያለ ዋጋ ነበር። ዛሬ የአንድ አገር ቡቃያ መጠውለጉን ከላይ የሚያሳየውን ሥዕል ገዝቶ አስቀድሞ የሚያውቀው የእህል ነጋዴ ቢሆን፥ ጎተራውንም ሞልቶ ዝም ቢል፥ ማሳው የተነሣበት ገበሬ ግን ወሬውን የሚሰማው በገበያ ቀን ከእህሉ ዋጋ ነው።