ሁለተኛው ዙር

በሰሜን አሜሪካ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በየዓመቱ በጥቅምት የዛፉ ቅጠል ቀልቶ መርገፍ ሲጀምር ማራቶን ይሮጣል። ለ42.195 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ጎዳና መዝጋት ለትንሽ ከተማ ከባድ ስለሆነ፣ ሯጩ አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ ይዞራል። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ይበዛበታል። ከሁሉም የሚከፋው በዙሩ 18ኛ ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከወንዙ ድልድይ ተነስቶ እስከ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን የሚዘልቀው ዳገት ነው።

በዚያች ከተማ የሚኖሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን አንድ ዓመት አብረው ተመዘገቡ። አንደኛው በመጋዘን የሚሠራ ወጣት ነው። ሁለተኛዋ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት የሚሠሩ፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናት ናቸው።

ውድድሩ ሲጀመር ወጣቱ ተፈተለከ። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ እግሩ ትኩስ ነው። የከተማው ሰው ወንበሩን ደጁ ላይ አውጥቶ ያጨበጭባል፤ ልጆች መዳፋቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል። ዳገቱን ደረቱን ነፍቶ ወጣው። ከማዶ ያለውንም ቁልቁለት እግሩ እንዳደረሰው ተንደርድሮ ወረደው፤ ቁልቁለት የጭንን ጡንቻ የሚጎዳው ቀስ ብሎ ነውና በዚያ ሰዓት ምንም አልተሰማውም።

እናትየዋ በመጀመሪያው ዙር መንገዱን ሲያጠኑ ነበር። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ፣ «ስመለስ እዚህ ላይ እርምጃዬን አሳጥራለሁ» አሉ ለራሳቸው። ከዳገቱ አጋማሽ ላይ በሩ ቀይ ቀለም የተቀባ ቤት አለ፤ «እዚህ ቀና እልና እጄን በደንብ አወናጭፋለሁ» አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደግሞ፣ «ቁልቁለቱን ረጋ ብዬ እወርዳለሁ» አሉ። ብዙ ሰው አልፏቸው ሄደ፤ እሳቸው ግን ቦታ ቦታውን እየለዩ ውሳኔያቸውን አስቀመጡ።

በአንደኛው ዙር ማብቂያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ግማሽ ማራቶን የሚሮጡት ወደ ቀኝ ታጥፈው ሜዳሊያቸውን ይቀበላሉ፤ ማራቶን የሚሮጡት ወደ ግራ ይቀጥላሉ። ወጣቱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ሙዚቃውና ጭብጨባው ከኋላው ቀረ። ወንበሮቹ ገብተዋል፤ በጎ ፈቃደኞቹ የተጣለውን የውሃ ኩባያ ይጠርጋሉ። 30ኛውን ኪሎ ሜትር እንዳለፈ በጡንቻውና በጉበቱ የተከማቸው ስኳር እየተሟጠጠ መጣ፤ ጭኑም ደነዘዘ። ደግሞም አሁን ከፊቱ ምን እንዳለ ያውቃል። ዳገቱ ሊደርስ ገና ብዙ ሲቀረው በልቡ ይወጣው ጀመር። ድልድዩ ጋ ሲደርስ በሐሳብ ደጋግሞ የወጣው ዳገት ነበርና መራመድ እንኳ ከበደው።

ባለ ቀይ በሩ ቤት ጋ እናትየዋ ደረሱበት። እርምጃቸው አጭር ነው፤ አንገታቸው ቀና ብሏል፤ እጃቸው ይወናጨፋል። «አይዞህ ልጄ፣ ቀስ ብለህ ና» ብለውት አለፉ።

ሁለቱም ከጨረሱ በኋላ ወጣቱ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ወደ እሳቸው መጣ።

«እትዬ፣ ያ ዳገት አልከበደዎትም?»

«እንዴት አይከብደኝም! ግን እዚያ ስደርስ ምን ላድርግ ብዬ ማሰብ አላስፈለገኝም። ጠዋት፣ ጭንቅላቴ ሳይደክም፣ አስቤ ጨርሼው ነበር።»

ምሳሌው ይህ ነው። ፍቺውን ደግሞ ከአበበ ቢቂላ እንይ። በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ተነጥሎ የሚወጣበት ቦታ አስቀድሞ ተመርጦ ነበር። አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ከውድድሩ በፊት መንገዱን አይተው፣ ያኔ ሮም ውስጥ ወደ ማብቂያው አካባቢ ቆሞ የነበረውን የአክሱም ሐውልት ምልክት አድርገው ነበር። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ አበበ አመለጠ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድም አሸነፈ። ያን ያህል ከሮጠ በኋላ የቀረው አስቀድሞ የተወሰነውን መፈጸም ብቻ ነበር።

የሕይወት ዳገትም አንዴ ወጥተነው አይቀርም፤ ተመልሶ ይመጣል። ስደት የወጣ ሰው የመጀመሪያውን ክረምት የሚያልፈው ዘመድ ወዳጅ እየጠየቀው፣ ምግብ እየላከለት ነው፤ በሁለተኛው ክረምት ጠያቂው ይሳሳል፤ ብርዱ ግን ያው ነው። ባልና ሚስት ታርቀው ያለፉት ጠብ ከዓመት በኋላ በዚያው ምክንያት ይነሳል። ከሕመም የዳነን ሰው ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። አጨብጫቢ ባለበት ሰዓት ያለንን ሁሉ አውጥተን ብንጨርስ የዘር እህላችንን በላን ማለት ነው።

ድካም መጥፎ አማካሪ ነው፤ ምንጊዜም የሚለው «ተወው» ነው። ስለዚህ ምክሩ እሱ ሳይመጣ በፊት ይያዝ። ባልና ሚስት ጠቡ ሲመለስ ማን ቀድሞ ዝም እንደሚል በሰላሙ ጊዜ ይስማሙ። ስደተኛው በሚቀጥለው ክረምት ለማን እንደሚደውል፣ የማንን ደጅ እንደሚያንኳኳ ወዳጅ ሳይርቀው ይወስን። የዳነው ሰው ሕመሙ ቢመለስ ማን አብሮት ሐኪም ቤት እንደሚሄድ በጤናው ቀን ይነጋገር። ይህን ያደረገ ሰው ዳገቱ አይቀርለትም፤ ግን ዳገቱ ላይ ቆሞ ከራሱ ጋር አይከራከርም።