ስለ አደራና ስለ ጥርጣሬ የተጻፈ ምክር

አንባቢ ሆይ፤ ሰው ከሰው ጋራ ሲኖር ገንዘቡን ወይም ዕቃውን በሌላ ሰው እጅ ሳያኖር ሊኖር አይችልም። ገበሬ እህሉን ለወፍጮ ቤት ይሰጣል፤ ሴት ፈትልዋን ለሸማኔ ትሰጣለች፤ ነጋዴ ጭነቱን ለሾፌር ያስረክባል፤ በሽተኛም ገላውን ለሐኪም አሳልፎ ይሰጣል። ይህ ሁሉ አደራ ነው። አደራ ባይኖር ከተማ ባልቆመ፤ እያንዳንዱም ሰው የራሱ ሸማኔ፣ የራሱ አንጥረኛ፣ የራሱም ዘበኛ መሆን በተገባው ነበር። ዳሩ ግን አደራ ባለበት ሁሉ ጥርጣሬ ይከተላል፤ እጅ የለቀቀውን ልብ አይለቅምና። እንግዲህ በዚህች ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ነው፤ ዕቃውን በሰው እጅ የተወ ሰው ስለ ዕቃው በሠጋ ጊዜ፣ ዕቃውን ለያዘለት ሰው የሚገባው ምንድር ነው? መጠርጠርስ ኀጢአት ነውን?

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥልህ በሐሳብህ ወደ መቲ ከተማ ተጓዝ። መቲ በጋምቤላ ክልል የመዠንግር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ የዞኑም ደን በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ጥብቅ የሕይወት ክልል ተብሎ ተጽፏል። ቡናና ማር የሀገሩ ሀብት ናቸው። በክረምት መንገዱ ጭቃ በሚሆንበት በእንደዚህ ያለ ሀገር ሞተር ሳይክል ለብዙ ሰው እግሩ ነው፤ መንገደኛውም ቡናውም በእርሱ ይጫናል። በሞተር ለሚያድር ሰው ሞተሩ ቆመ ማለት እንጀራው ቆመ ማለት ነው።

እንበል እንግዲህ፤ አንድ ሰው በብድር የገዛው ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮኑ ተበላሽቶበት ወደ ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩም «ሐሙስ ይምጡ» አለው። ሐሙስ ቢሄድ ጋራዡ ተዘግቷል፤ ቢደውል ስልኩ አይነሣም፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቆ ቢያይ ሞተሩ በቦታው የለም። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ከዐይኑ ይርቃል። በመጀመሪያ «ወዴት ሄዶ ይሆን?» ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ «ተሰርቆ ይሆናል» ይላል፤ ሊነጋ ሲል ግን «ያ ሰው ሰርቆኛል» ይላል። አንባቢ ሆይ፤ እነዚህን ሦስት ቃሎች ለይተህ ተመልከት። የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ግምት ነው፤ ሦስተኛው ፍርድ ነው። ከጥያቄው እስከ ፍርዱ ድረስ አንድ አዲስ ምስክር አልመጣም፤ የበረታው ፍርሃቱ ብቻ ነው።

ስለ ዕቃ መሥጋት ኀጢአት አይደለም። ንብረቱ የልጆቹ እንጀራ የሆነ ሰው «እኔ አልሠጋም» ቢል፣ ወይ ሐሰተኛ ነው ወይ ስለ ልጆቹ የማያስብ ነው። ፍቅርም ሰውን ሞኝ ሁን አይለውም። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» የሚለውን ተረት አባቶቻችን በከንቱ አልተናገሩትም፤ አደራ በላ የሚባል ሰው በዓለም አለና። ኀጢአቱ የሚጀምረው ፍርሃት የዳኛውን ወንበር በያዘ ጊዜ ነው። ፍርሃት ጥሩ ዘበኛ ነው፤ ሌሊት ይቀሰቅሳልና፤ ነገር ግን ክፉ ዳኛ ነው፤ የአንድ ወገን ነገር ብቻ ይሰማልና።

እስቲ በሌላው ወገን ያለውን ደግሞ አስብ። የጎደለው መለዋወጫ በከተማው ባለመገኘቱ መካኒኩ ፍለጋ ወጥቶ ይሆናል። ቤተ ሰቡ ታሞበት፣ ወይም ለቅሶ ደርሶበት ይሆናል። መብራት ጠፍቶ የስልኩ ባትሪ አልቆ ይሆናል። ሞተሩም በጋራዡ ያልታየው፣ የጋራዡ በር ደካማ መሆኑን ስለሚያውቅ ከሌባ ሊያድነው ማታ ማታ ወደ ገዛ ቤቱ እየገፋ ወስዶት ይሆናል። ይህ የመጨረሻው እውነት ቢሆን፣ ባለንብረቱ ሌባ ብሎ የሚረግመው ሰው በዚያችው ሌሊት የእርሱን ሞተር እየጠበቀ ነው። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ በእርግጥ አለ አንልም፤ ሌብነቱም በእርግጥ አለ ሊባል አይችልም እንላለን እንጂ።

ቅዱስ መጽሐፍ ይህን ነገር በዝምታ አላለፈውም። በኦሪት ዘፀአት በ22ኛው ምዕራፍ ስለ አደራ ሕግ ተጽፏል። ለጥበቃ የተሰጠ ዕቃ ከጠባቂው ቤት ቢሰረቅ፣ ሌባው ከተገኘ እጥፍ ይከፍላል፤ ካልተገኘ ጠባቂው እጁን በባልንጀራው ገንዘብ እንዳልጣለ ይታወቅ ዘንድ በእግዚአብሔር ፊት ይቀርባል። የተሰጠው እንስሳ ሆኖ ማንም ሳያይ ቢሞት ወይም ቢሰበር፣ በመሐላ ነገሩ ያልቃል፤ ባለንብረቱም መሐላውን ይቀበላል። አውሬ ቢሰብረው ማስረጃውን ያመጣል። ከጠባቂው ዘንድ ቢሰረቅ ግን ጠባቂው ይከፍላል። እንግዲህ ሕጉ አስቀድሞ «ማን አደረገው?» አይልም፤ «ምን ሆነ?» ይላል እንጂ። ጠባቂውን ከኀላፊነት አያወጣውም፤ ሳይሰማውም አይፈርድበትም።

ደግሞም በመጽሐፈ ኢያሱ በ22ኛው ምዕራፍ ያለውን ታሪክ አስታውስ። የሮቤልና የጋድ ልጆች የምናሴም ነገድ እኩሌታ በዮርዳኖስ አጠገብ ታላቅ መሠዊያ በሠሩ ጊዜ፣ የቀሩት ነገዶች እግዚአብሔርን የካዱ መሰላቸውና ሊወጉአቸው በሴሎ ተሰበሰቡ። ነገር ግን ሰይፍ ከመምዘዛቸው በፊት ፊንሐስንና ዐሥር አለቆችን ልከው ጠየቁ። መሠዊያው ለመሥዋዕት ሳይሆን ለምስክር የቆመ መሆኑን በሰሙ ጊዜ ነገሩ ደስ አሰኛቸው፤ በሰላምም ተመለሱ። ጥርጣሬያቸው መሠረት የሌለው አልነበረም፤ መሠዊያው በዐይን ይታይ ነበርና። ሆኖም የዐሥራ አንድ ሰዎች መንገድ የሕዝብን ደም አዳነ።

በሀገራችንም በቀደመው ዘመን ሌባሻይ የሚባል ልማድ ነበረ። ዕቃ በጠፋ ጊዜ ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኀኒት አጠጥተው፣ ትንባሆም አስጢሰው፣ በመቀነት ይዘው በመንደር ይነዱት ነበር፤ ልጁም ደክሞ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። ይህ ልማድ በመንግሥት ትእዛዝ ከተከለከለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዛሬ የተማረ ሰው ይህን በሰማ ጊዜ ይሥቃል። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፤ ምስክር ሳይኖረን በሌሊት ሐሳባችን የወደቀበትን ሰው ሌባ ስንል፣ በልባችን ውስጥ ያንኑ ልጅ እየነዳን አይደለምን? የዛሬው ሕግ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ ሰው እንዲቈጠር ያዝዛልና። ዳኛ ለማያውቀው ሰው ይህን ካደረገ፣ ክርስቲያን ለጎረቤቱ ከዚህ ሊያሳንስ ይገባዋልን?

ይህ ጥንቃቄ በተለይ ለመቲና መቲን ለመሰሉ ከተሞች ያስፈልጋል። በዚያ መዠንግሩ፣ አኝዋኩ፣ ከሌላም ሀገር የመጣው ሰው አብረው ይኖራሉ። በእንደዚህ ያለ ስፍራ «እገሌ ሰረቀኝ» የሚለው ቃል በአንድ ጀምበር «እነ እገሌ ሌቦች ናቸው» ወደ ማለት ይለወጣል። በ2007 ዓ.ም. መግቢያ በዚያ ዞን በተነሣው ግጭት ሰው ሞቷል፤ ብዙዎችም ቤታቸውን ጥለው ተሰደዋል። የዚያ ጠብ ሥር ሌላ ነው፤ ነገር ግን የአንዱን ጥፋት በወገኑ ሁሉ ላይ መጫን ምን ያህል እንደሚያቃጥል ያየ ሕዝብ፣ አንደበቱን እንደ እሳት ሊጠብቅ ይገባዋል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። የጠፋ ሞተር ቢገኝ ባለቤቱ ይነዳዋል፤ የጠፋ ስም ግን ቢገኝም እንደ ቀድሞው አይነዳም። መካኒክም ከመፍቻው ሁሉ ይልቅ የሚሠራበት መሣሪያ ስሙ ነው።

ምናልባት እንዲህ ትለኝ ይሆናል፤ «እኔ በትዕግሥት ስቈይ ሌባው ሞተሩን ፈታትቶ ቢሸጠውስ?» ጥያቄህ እውነተኛ ነው። ነገር ግን እኔ ቈይ አላልሁህም። በማለዳ ተነሥተህ ሂድ፤ ቤቱን ጠይቅ፤ ጎረቤቱን ጠይቅ። ፈጥኖ መጠየቅ ሌላ ነው፤ ፈጥኖ መፍረድ ሌላ ነው። ባገኘኸውም ጊዜ «ወንድሜ፣ ሞተሩን በቦታው አጥቼው ሠግቼ መጣሁ፤ ወዴት ነው ያለው?» በለው። ይህ ቃል እውነት ነው፤ ሥጋትህን አይሰውርም፤ እርሱንም አያዋርድም። ሌባ እንደ ሆነ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም፤ ንጹሕ እንደ ሆነ በዚህ ጥያቄ አይቈስልም። ባታገኘውና ነገሩ ቢከፋ ወደ ፖሊስ ሂድ፤ ያየኸውንና የምታውቀውን ብቻ ተናገር፤ የጠረጠርኸውን ጥርጣሬ ብለህ፣ ያየኸውን አየሁ ብለህ ለይተህ አስመዝግብ።

ከዚህ ሁሉ ደግሞ የሚሻለው ጥርጣሬ ሳይወለድ መከላከል ነው። ሞተርህን ስታስረክብ የሻንሲውንና የሞተሩን ቍጥር ጽፈህ ያዝ፤ ሊብሬውን ከሞተሩ ጋራ አትተው፤ የሚሠራውን ሥራ፣ ዋጋውንና የመመለሻውን ቀን በወረቀት አስፈርም፤ ሞተሩ ወዴት እንደሚያድር ጠይቅ። «ወረቀት ማስፈረም ወዳጅን መጠራጠር ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ተሳስተዋል። ወረቀት ሁለቱንም ይጠብቃል፤ ባለንብረቱን ከክሕደት፣ መካኒኩንም ከሐሰት ክስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አደራ የተለየ ክፍል ያለው፣ ሰው ሁሉ ክፉ ነው በማለት አይደለም፤ ደጋግ ሰዎችም ይረሳሉ፣ ይሳሳታሉና።

አንተም ሞተር ሠሪ የሆንህ አንባቢ ሆይ፤ ይህች ምክር ለባለንብረቱ ብቻ የተጻፈች አይምሰልህ። የአንዱ ጥርጣሬ ኀጢአት ከሆነ፣ ያለ ምክንያት ሰውን ለጥርጣሬ መዳረግም ኀጢአት ነው። ሐሙስ ያልኸው ሥራ ለሐሙስ የማይደርስ ከሆነ ረቡዕ ንገረው። ጋራዡን ዘግተህ ስትሄድ ቃል የሚሰጥ ሰው ተው። ለሙከራ ካልሆነ በቀር የሰውን ሞተር አትንዳ፤ ለባልንጀራህም አታውስ። ደኅናውን ካርቡራተር ፈትተህ አሮጌ አትግጠም፤ ይህ ሌብነት ነው፤ ሞተሩ በሙሉ ከመሰረቅ የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን በ6ኛው ምዕራፍ አደራን የካደ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ እንዲጨምር ያዝዛል፤ ይህንም ከመሥዋዕቱ ጋራ አንድ አድርጎ ይናገራል። ንስሓ ያለ ካሳ ቃል ብቻ ነውና። ሞተሩ በእርግጥ ከእጅህ ተሰርቆ እንደ ሆነ ደግሞ አትሸሽ፤ መጀመሪያ ለባለንብረቱ፣ ቀጥሎ ለፖሊስ ንገር። የሸሸ ንጹሕ ሰው በራሱ ላይ ይመሰክራል።

የደኑ ሰው ቀፎውን ከቤቱ ርቆ በዛፍ ላይ ሰቅሎ ይመለሳል። በጎረቤቱ ባይታመን ኖሮ ዛፉ ሥር ሲያድር በኖረ፤ እርሻውም ጾሙን ባደረ። መታመን እንግዲህ የሞኝ ሥራ አይደለም፤ የሀገር መሠረት ነው። ይህን መሠረት ሌባ ከአንድ ወገን ይቈፍረዋል፤ ያለ ምስክር ሌባ የሚል ሰውም ከሌላው ወገን ይቈፍረዋል። ሞተርህን ብታገኝ እግዚአብሔርን አመስግን፤ ሌሊቱን ሙሉ በልብህ ያሰርኸውንም ሰው ፍታው። ባታገኘው ደግሞ በሕግ ፈልግ፤ ነገር ግን ሞተርህን የወሰደው ሰው ፍርድህን ደግሞ እንዲወስድብህ አትፍቀድ።