የድንች ማሳው ሰፈር

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብቅቶ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ ብዙዎቹ የሚያድሩበት የራሳቸው ጣሪያ አልነበራቸውም። መጀመሪያ የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት፣ ቀጥሎ ጦርነቱ ራሱ የቤት ግንባታን ለዓመታት አቀዝቅዞት ቆይቷል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አዲስ ተጋቢዎች ከአማቶቻቸው ጋር ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር። ቺካጎ ውስጥ 250 ያረጁ የከተማ ባቡር ፉርጎዎች ለመኖሪያ ተብለው ተሸጡ። በዚያን ጊዜ ዋጋው የሚቀመስ ቤት ከተገኘ፣ ከከተማ መራቁን ከቁም ነገር የሚቆጥረው ሰው አልነበረም።

ቤቱ የተገኘው ሎንግ አይላንድ ላይ፣ ከማንሃታን ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ የድንች ማሳ በነበረ መሬት ላይ ነው። መሬቱን የገዙት አብርሃም ሌቪትና ሁለት ልጆቹ ናቸው። አልፍሬድ ንድፉን ያወጣል፤ ዊልያም ገንዘቡንና ሽያጩን ይመራል። ኦክቶበር 1 ቀን 1947 የመጀመሪያዎቹ 300 ቤተሰቦች ጓዛቸውን ይዘው ገቡ። ሰፈሩም በሠሪዎቹ ስም ሌቪታውን ተባለ።

ሌቪቶች ቤት የሠሩት መኪና ፋብሪካ በሚሠራበት ዘዴ ነው። ልዩነቱ እዚህ ቤቱ ባለበት ቆሞ ሠራተኛው ከቤት ቤት መዞሩ ብቻ ነበር። ሥራው 27 ቦታ ተከፋፈለ። የጭነት መኪና በየ18 ሜትሩ ለአንድ ቤት የሚበቃ ዕቃ እያራገፈ ያልፋል። ነጭ ቀለም የሚቀባው ሰው ነጩን ብቻ ቀብቶ ወደ ጎረቤት ይሻገራል፤ ቀዩን የሚቀባው ከኋላው ይደርሳል። ምስማሩን ኩባንያው ራሱ ያመርት ነበር፤ እንጨቱም የሚመጣው ካሊፎርኒያ ከነበረው ከራሱ መሰንጠቂያ ነው። ሥራው በተጧጧፈበት ወቅት በአንድ ቀን ከ30 በላይ ቤቶች ያልቁ ነበር። በ1951 የቤቶቹ ቁጥር 17,447 ደረሰ።

ይህ ሁሉ ሲነገር ብዙ ሰው ዋጋውን ያወረደው የዊልያም ሌቪት ብልሃት ይመስለዋል። ብልሃቱ አይካድም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ባይኖሩ ብልሃቱ የትም አይደርስም ነበር። አንደኛው ደንብ ነው። የአካባቢው የሕንፃ ደንብ እያንዳንዱ ቤት ምድር ቤት እንዲኖረው ያስገድድ ነበር። ሌቪት ደግሞ ወጪ ለመቆጠብ ቤቱን በቀጥታ በኮንክሪት ወለል ላይ ማቆም ፈለገ። በሜይ 1947 ጉዳዩ ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ ቤት ያጡ የቀድሞ ወታደሮች አዳራሹን ሞሉት፤ ደንቡም ተሻሻለ። ሁለተኛውና ዋናው የመንግሥት ዋስትና ነው። የፌዴራል የቤቶች አስተዳደርና የቀድሞ ወታደሮች አስተዳደር ለብድሩ ዋስ ስለሆኑ፣ ባንኩ ለሠሪውም ለገዢውም ሳይፈራ አበደረ። መጀመሪያ ቤቶቹ በወር 60 ዶላር ይከራዩ ነበር። በ1949 ለሽያጭ ሲቀርቡ ዋጋቸው 7,990 ዶላር ሆነ። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ደግሞ ያለ ቅድሚያ ክፍያ፣ በወር 58 ዶላር እየከፈለ የቤት ባለቤት ይሆናል። ከኪራዩ በሁለት ዶላር ያነሰ ማለት ነው!

ቤቱ ትንሽ ነበር፤ ስፋቱ 70 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ሁለት መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ምድጃና የልብስ ማጠቢያ ማሽን የተገጠመለት ወጥ ቤት አለው። በደረጃው ሲወጡ ግን ምንም ያልተሠራበት ባዶ ቆጥ ይገኛል። የግቢው ስፋት 557 ካሬ ሜትር ያህል ነበር፤ አብዛኛው ሣር ነው። የከተማ ፕላን አዋቂዎች ቤቶቹ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አይተው አፌዙ። ነዋሪው ግን ሁለተኛ ልጅ ሲወለድ ቆጡን መኝታ ቤት አደረገው፤ ትንሽ ገንዘብ ሲጠራቀም ከጎን አንድ ክፍል ቀጠለ፤ ቆይቶም የመኪና ማቆሚያ ጨመረ። ዛሬ ሌቪታውን ውስጥ እንደተሠራ የቀረ ቤት ማግኘት ብርቅ ነው። እኔ ከሌቪቶች ሥራ ሁሉ ምስጋና የምሰጠው ለዚያ ባዶ ቆጥ ነው።

የእኛ ሰው ይህን ጥበብ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። በከተማ ዳር ቦታ ያገኘ ቤተሰብ መጀመሪያ ከግቢው ጀርባ ሰርቪሱን ሠርቶ ይገባበታል፤ ዋናው ቤት ዕቁብ ሲወጣ ወይም ከውጭ ገንዘብ ሲላክ ቀስ ብሎ ይደርሳል። የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የወጣለት ሰውም ቁልፉን ተቀብሎ ፊኒሺንጉን እንደ አቅሙ ይጨርሳል። ሆኖም ኮንዶሚኒየም ከግድግዳው ውጭ አያድግም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ስቱዲዮ ልጅ በተወለደ ቁጥር ክፍል አይጨመርባትም። ርካሽ ቤት ለመሥራት የሚያስቡ ሰዎች ቤቱ ስንት ያወጣል ከሚለው ጥያቄ ጎን፣ ባለቤቱ ከዐሥር ዓመት በኋላ ምን ሊጨምርበት ይችላል የሚለውን ቢያነሡ መልካም ነው። (በነገራችን ላይ ሌቪታውን ውስጥ ግቢ ማጠር ክልክል ነበር። ለእኛ አገር ሰው ይህ ከሁሉም ደንብ የከበደ ይሆን ነበር።)

ርካሹ ቤት በዋጋው ላይ ያልተጻፈ ወጪም ነበረው። ሰፈሩ ውስጥ የባቡር ጣቢያ ስላልነበረ ኒው ዮርክ የሚሠራው አባወራ በመኪና ጎረቤት ከተማ ድረስ ሄዶ ነው ባቡር የሚይዘው። የፍሳሽ መስመር አልተዘረጋም፤ ፍሳሹ የሚገባው በየግቢው በተቀበረ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ፋብሪካም ሆነ ትልቅ ድርጅት አልነበረም፤ ስለዚህ ለዚያ ሁሉ ሕፃን ትምህርት ቤት ማቆሚያው ገንዘብ የሚሰበሰበው ከባለቤቶቹ የቤት ግብር ነው። ልጁ በዛ፤ ግብሩም ከፍ አለ። ከአዲስ አበባ ዳር ቤት የሚፈልግ አንባቢ እነዚህኑ ጥያቄዎች ይዞ ቢሄድ አይጎዳም፦ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ታክሲው ማታ ስንት ሰዓት ድረስ ይሠራል? ትምህርት ቤቱ ተሠርቷል ወይስ «ሊሠራ ነው»?

ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። በመጀመሪያዎቹ የኪራይ ውሎች ላይ አንድ አንቀጽ ነበር። ከነጭ ዘር ውጭ የሆነ ሰው በቤቱ እንዲኖር መፍቀድ ክልክል ነው ይላል፤ የቤት ሠራተኛ ከሆነ ግን ይቻላል። አንዲት ጥቁር እናት ያን ቤት ልታጸዳው ትችላለች፤ ልትከራየው ግን አትችልም ማለት ነው። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙ አይችሉም ብሎ ወሰነ። አንቀጹ ከወረቀቱ ወጣ፤ ልማዱ ግን ቀጠለ። ዩጂን በርኔት የሚባል ጥቁር የቀድሞ ወታደር ለማሳያ የተሠራውን ቤት ጎብኝቶ ማመልከቻ ሲጠይቅ፣ ሻጩ ባለቤቶቹ ለጥቁሮች ለመሸጥ ገና አልወሰኑም ብሎ መለሰው። ዊልያም ሌቪት ራሱ፣ ለአንድ ጥቁር ቤተሰብ ብሸጥ ነጮቹ አይገዙኝም የሚል ነበር መከራከሪያው። እሱ አይሁዳዊ ነበር፤ ወገኖቹ በዚያው አገር ከስንት ሰፈር እንደተከለከሉ አሳምሮ ያውቃል።

በ1957 ደግሞ ሌቪቶች ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በሠሩት ሁለተኛው ሌቪታውን ቢል እና ዴይዚ ማየርስ የሚባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ቤት ገዙ፤ የገዙትም ከኩባንያው ሳይሆን ከቀድሞው ባለቤት ነው። ቢል የቀድሞ ወታደር ነበር። ሰው ተሰብስቦ መስኮታቸውን በድንጋይ ሰበረ፤ ጩኸቱና ማስፈራራቱ ለሳምንታት ቀጠለ። የክፍለ ግዛቱ አስተዳዳሪ የግዛቱን ፖሊስ መላክ ግድ ሆነበት። አጠገባቸው የሚኖረው ነጭ ቤተሰብ ግን በግልጽ ከጎናቸው ቆመ። ማየርሶችም አልወጡም። አካባቢው ዴይዚን በይፋ ይቅርታ የጠየቃት በ1999፣ ከ42 ዓመት በኋላ ነው።

ሜሪላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችን የቦዊን ከተማ ያውቋታል። በዚያ ያለውን ቤሌር የተባለ ሰፈርም በ1960ዎቹ የሠራው ይኸው ኩባንያ ነው፤ እዚያም ለጥቁሮች አይሸጥም ነበር፤ በ1963 የመብት ተሟጋቾች ተቃውሞ አሰሙ። ዛሬ ከቦዊ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው።

ያኔ ሲነገር የነበረው ክርክር የታወቀ ነው፦ ቤቱ የነጋዴው ንብረት ነው፤ ለፈለገው ይሸጣል። የሰማይ ስባሪ የሚያህል ዋስትና ከመንግሥት ካዝና ባይሰጠው ኖሮ ምናልባት ያስኬድ ይሆናል። ያን ዋስትና የተሸከመው ግብር ከፋይ ሁሉ ነው፤ የበርኔትም ግብር አለበት። በርኔት የተነፈገው የ7,990 ዶላር ቤት ብቻ አይደለም። ጎረቤቱ ሊሆን የሚችለው ነጭ ወታደር በዚያው ቤት ላይ ክፍል ጨመረ፤ የቤቱ ዋጋ ሲያድግ እሱን አስይዞ ልጁን ኮሌጅ አስተማረ፤ ሲሞትም አወረሰ። ዋጋው አንዴ ከወጣ በኋላ በሩ ቢከፈትም፣ ዘግይቶ የመጣው ሰው የሚገባው በአዲሱ ዋጋ ነው። እኛም አገር መንግሥት መሬት በሚያቀርብበትና ብድር በሚያመቻችበት ማንኛውም የቤት መርሐ ግብር ላይ፣ ከግንባታው ፍጥነት በፊት መታየት ያለበት የመዝገቡ ነገር ነው፤ ማን ተመዘገበ፣ ማን ቀረ፣ በምን ምክንያት።

በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘርን ለይቶ መከልከልን የሚያግደው የፌዴራል ሕግ የጸደቀው በ1968 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ወደ ድንች ማሳው ከገቡ ከ21 ዓመት በኋላ። በ1990 የሕዝብ ቆጠራ የሎንግ አይላንዷ ሌቪታውን 53,286 ነዋሪዎች ነበሯት። ከእነሱ ውስጥ ጥቁሮቹ 137 ናቸው።