በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ስለሚደረግ ሽያጭና ስለ ዋጋው አከፋፈል

ሰው ከሰው ጋር መገበያየት ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ ሲያስቸግረው የኖረው ጥያቄ የዋጋው መብዛትና ማነስ ብቻ አይደለም። ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ማን አስቀድሞ ይስጥ?» የሚለው ነው። ዕቃውን አስቀድሞ ያስረከበ ሻጭ ዋጋውን እስኪቀበል ድረስ በገዢው ታማኝነት ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ገንዘቡን አስቀድሞ የከፈለ ገዢም ዕቃውን እስኪረከብ ድረስ እንዲሁ ነው። የሚተዋወቁ ሰዎች ይህን ጥያቄ አያነሡትም፤ ዝምድናው፣ ጉርብትናውና ዕድሩ አስቀድሞ መልሶላቸዋልና። በማይተዋወቁት መካከል ግን ጥያቄው እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ የአከፋፈል መንገድ የሚመርጥ ሰው፣ ዐወቀውም አላወቀውም፣ አደጋው በማን ትከሻ ላይ ይሁን ብሎ መፍረዱ ነው።

ነገሩን ከቅርብ ለመመልከት በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጀሞ የተመቸ ሰፈር ነው። ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለት፣ ጀሞ ሦስት እየተባሉ የሚጠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከልዩ ልዩ ሰፈር የመጡ ሰዎች በዕጣ የተሰበሰቡባቸው ናቸው። ከዚያም በላይ ተከራይ ይገባል፣ ተከራይ ይወጣል። በአንድ ደረጃ ላይ ጧትና ማታ እየተላለፉ ስም የማይጠያየቁ ብዙዎች ናቸው። ቤት የሚለቅ ሰው ፍሪጁን፣ ሶፋውን፣ አልጋውን ይዞ ለመሄድ አይመቸውም፤ መሸጥ አለበት። ቀድሞ እንዲህ ያለውን ዕቃ ቆራሌው ወይም የሰፈር ደላላ ይወስደው ነበር። ቆራሌው ዋጋ ይሰብራል፤ ነገር ግን በር ላይ ቆሞ በጥሬ ገንዘብ ስለሚከፍል ስለ አከፋፈሉ የሚጨነቅ አልነበረም። ዛሬ ባለቤቱ ዕቃውን በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ላይ ያወጣዋል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከማያውቀው ሰው ስልክ ይደወልለታል። የተሻለ ዋጋ ያገኛል፤ በዚያው መጠን ግን ቀድሞ ያልነበረበት ጥያቄ ይመጣበታል።

ለምሳሌ ያህል አንዲት እናት በአራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ፍሪጇን በ25,000 ብር ለመሸጥ ተስማማች እንበል። ገዢው በስልክ «እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ መኪናና ሰው ልኬልሽ እንዲወስዱት፣ ገንዘቡን አሁኑኑ በስልክ አስገባለሁ» ይላታል። ጫኝና አውራጆቹ ይመጣሉ፤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ፍሪጁን ተሸክመው አራት ፎቅ ያወርዱታል። መኪናው ላይ ሲወጣ በስልኳ ላይ 25,000 ብር ወደ ሒሳቧ መግባቱን የሚናገር መልእክት ይደርሳታል። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቷል፣ ተሸካሚዎቹ ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ ገዢውም በስልክ ሆኖ «ደረሰሽ?» ይላል። ሒሳቧን ከፍታ ማየት በልቧ መጣባት፤ ነገር ግን «ምን ይሉኛል? ሌባ አደረገችን ይሉኛል» ብላ ተወችው። ማታ ስታየው በሒሳቧ ውስጥ የገባ ነገር የለም። መልእክቱ የባንክ መልእክት መስሎ በተራ ሰው እጅ የተጻፈ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ በጥንቃቄ እንዲመለከት የምንሻው ነገር አለ። ይህችን እናት ያሸነፋት ገዢው የተጠቀመበት የስልክ ጥበብ አይደለም፤ ጥበቡ እጅግ ትንሽ ነው። ያሸነፋት ይሉኝታዋ ነው። አታላዩ ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የተሸካሚዎቹን ላብ፣ የሞተሩን ድምፅ፣ የችኰላውን ሰዓት ሁሉ ያዘጋጀው በእርስዋ ጨዋነት ላይ ተማምኖ ነው። የተሰረቀው ፍሪጅ ብቻ ነው ብንል ነገሩን ማሳነስ ይሆናል፤ ከአሳዳጊዎቿ የወረሰችው መልካም ጠባይ በራሷ ላይ እንደ መሣሪያ ሆኖ ዞሮባታልና። ስለዚህ ይሉኝታ በእንዲህ ያለው ቦታ በጎነት ነውን? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ብዙዎቻችን ባልንጀራን ከማክበር ጋር አንድ እናደርገዋለን። ሲመረመር ግን ይሉኝታ ስለ ሌላው ሰው የሚያስብ አይደለም፤ ሌላው ሰው ስለ እኛ ምን ያስባል የሚል ስለ ራስ የሚያስብ ነው። ባልንጀራን ማክበር ደግሞ ከዚህ የተለየ ሥራ ነው።

የቀደሙት አባቶች ይህን ለይተው ያውቁ ነበር። አብርሃም በኬጢያውያን አገር እንግዳ ሆኖ ሲኖር ሚስቱ ሣራ በሞተች ጊዜ የመቃብር ቦታ ሊገዛ ፈለገ። ባለ ርስቱ ኤፍሮን በሕዝቡ ፊት እርሻውን በነጻ እንደሚሰጠው ተናገረ፤ በኋላም ዋጋውን እንደ ቀላል ነገር አድርጎ ጠራው። አብርሃም ግን በዚያ ጨዋ ንግግር ተሸንፎ ነገሩን በቃል ብቻ አልተወውም፤ 400 ሰቅል ብር በከተማው በር በተሰበሰቡት ሁሉ ፊት መዝኖ ሰጠ። እንግዳ ከእንግዳ ሲገዛ ሚዛን፣ ምስክርና አደባባይ አስፈለገው ማለት ነው። ነቢዩ ኤርምያስም ከአጎቱ ልጅ ከአናምኤል እርሻ ሲገዛ 17 ሰቅል ብሩን በሚዛን መዘነ፣ ውሉን ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክሮችን አስፈረመ፤ የታተመውንና የተከፈተውን ጽሑፍም በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው ለባሮክ ሰጠው። ሻጩ የሥጋ ዘመዱ ነበር። ሆኖም መመዘኑ ዘመዱን እንደ መስደብ አልተቈጠረበትም።

በአገራችንም ቢሆን ጠገራ ብር በገበያ ይዘዋወር በነበረበት ዘመን፣ በ1780 በአውሮፓ አቈጣጠር የተቀረጸውን የማርያ ቴሬዛን ብር የሚቀበል ሰው በንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቍ ነጠብጣቦች በጣቱ እየዳሰሰ ይቈጥር፣ በትከሻዋ ላይ ያለውንም ጌጥ አተኵሮ ይመለከት ነበር። የጠፋና ያረጀ ከሆነ ይመልሰው ነበር። አሞሌ ጨውም የተሰበረ ወይም የተሸራረፈ እንደ ሆነ ዋጋው ይቀንስ ነበር። ብሩ ሲመረመር ባለ ብሩ አይቀየምም፤ እርሱም ሲቀበል እንዲሁ ያደርጋልና። እንግዲህ የዛሬው ሰው አያቶቹ ሳያፍሩ ያደርጉት የነበረውን ለማድረግ የሚያፍርበት ምክንያት ምንድን ነው? ገንዘቡ የማይታይ ስለ ሆነ ምርመራውም የማያስፈልግ መስሎት ይሆናል።

የማይታየው ገንዘብ በራሱ ክፉ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳም በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ የባንኮችም የስልክ አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ፣ 25,000 ብር በከረጢት ይዞ በታክሲ ተጋፍቶ መሄድ ቀርቷል። ጥሬ ገንዘብም የራሱ አደጋ አለበት፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ባለ 200 ብርን ጨምሮ አዳዲስ የብር ኖቶች ሲወጡ ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ ሐሰተኛውን ገንዘብ መከላከል ነበር። ነገር ግን የስልኩ ገንዘብ ሊዘነጋ የማይገባ ጠባይ አለው፤ አንድ ጊዜ ከተላከ በኋላ በላኪው ፈቃድ ብቻ አይመለስም። ሁለተኛም ገንዘቡ ሌላ፣ ስለ ገንዘቡ የሚናገረው መልእክት ሌላ ነው። የቴሌብር መልእክት 127 በሚለው ቍጥር፣ የባንክም መልእክት በባንኩ ስም ይመጣል፤ ከተራ የስልክ ቍጥር የመጣ መልእክት፣ ወይም ገዢው ከራሱ ስልክ ስክሪንሾት አድርጎ የሚያሳየው ደረሰኝ፣ ምስክር ሊሆን አይችልም። የላኪው ስም እንኳ ሊመሰል ስለሚችል፣ እውነተኛው ምስክር የራስ ሒሳብ ብቻ ነው። የቴሌብር ደንበኛ *127# ደውሎ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛም *889# ደውሎ ቀሪውን ማየት ይችላል። ይህ ከሁለት ደቂቃ የሚበልጥ ጊዜ አይወስድም። ጠገራ ብር መዳሰስም ከዚህ ያነሰ ጊዜ አይወስድም ነበር።

እስካሁን ስለ ሻጭ ተናገርን፤ የገዢው ነገር ይብሳል እንጂ አያንስም። በማስታወቂያው ላይ ያለውን ስልክ ወይም ቤት አይቶ የሚደውል ሰው ብዙ ጊዜ «ፈላጊው ብዙ ነው፤ እንዲቀመጥልህ ቀብድ ላክ» ይባላል። ቀብድ በአገራችን ልማድ የታወቀ ነገር ነው፤ ነገር ግን ቀብድ የሚሰጠው ዕቃውን በዓይን አይቶ፣ ሻጩን ፊት ለፊት አግኝቶ፣ ከተቻለም በእማኝ ፊት ነበር። ያልታየ ዕቃ ቀብድ፣ ያልታየ ሰው ቀብድ፣ ስሙ ብቻ ቀብድ ነው። እውነተኛ ዕቃ ያለው ሻጭም ቢሆን ይህን ሲጠይቅ ራሱን ይመርምር፤ እርሱ ለማያውቀው ሰው ያለ ክፍያ ዕቃውን ይልካልን? የማይልክ ከሆነ፣ ራሱ የማይሸከመውን አደጋ በገዢው ላይ እየጫነ ነው። ገዢው ብዙ ጊዜ አዲሱን ለመግዛት አቅም ያጣ፣ ያገለገለውን የሚፈልግ ድኻ መሆኑም ሊታሰብ ይገባል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ዕቃውን ማስረከብና ዋጋውን መክፈል በአንድ ጊዜ እንዲፈጸሙ ያዝዛል። ይህ ሥርዓት ከሕግነቱ በላይ የፍትሕ መልክ አለው፤ ሁለቱም እንግዶች እኩል ስለሚታመኑ እኩልም ይጠበቃሉ። በሥራ ላይ ሲውል ግን ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ፍሪጁ ከመሰኪያው ጋር ተያይዞ መሥራቱ ይታያል፤ ገዢው ወይም ተወካዩ እዚያው ቆሞ ገንዘቡን ይልካል፤ ከመላኩም በፊት ስልኩ የሚያሳየው የተቀባይ ስም የሻጩ መሆኑን ይመለከታል፤ ሻጩ ሒሳቡን ከፍቶ ያያል፤ ጫኝና አውራጆቹ ዕቃውን የሚነኩት ከዚህ በኋላ ነው። እንደ ስልክና ላፕቶፕ ያለ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ከሆነ በባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ መገናኘት እጅግ የተሻለ ነው። ሰው አለ፣ ጥበቃ አለ፣ የሚጠየቅ ሠራተኛ አለ፤ አብርሃም ብሩን የመዘነበት የከተማ በር በዛሬው ጀሞ ቢፈለግ የሚገኘው እዚያ ይመስለናል።

ተራርቀው ላሉ ሰዎች ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋል። በቻይና አገር አሊፔይ የተባለው ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2004 የተጀመረው ለዚሁ ነበር፤ የገዢውን ገንዘብ ይዞ ቆይቶ፣ ገዢው ዕቃው እንደ ደረሰው ሲያረጋግጥ ለሻጩ ይለቃል። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አደራ እንለዋለን። ሁለት ባላጋሮች ገንዘቡን በአንድ ሽማግሌ እጅ ማስያዛቸው የኖረ ልማድ ነው። ነገር ግን ሽማግሌውን ሁለቱም ያውቁት ነበር። «ገንዘቡን እኔ ልያዝላችሁ» የሚል የማይታወቅ ሦስተኛ ሰው ከመጣ፣ አንድ የነበረው እንግዳ ሁለት ሆነ እንጂ አደጋው አልተቃለለም። ዕቃ አድራሾችም ሲያደርሱ ገንዘቡን ተቀብለው ይመለሳሉ፤ ይህ ለገዢው መልካም ነው፣ ፓኮውን ከፍቶ እንዲያይ ከተፈቀደለት።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ልብን አያደርቅምን? ‹ማመን ቀብሮ ነው› ወደሚለው አባባል አያደርሰንምን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሰውን ሁሉ እንደ ሌባ የሚያይ ሰው አታላይ ባያገኘውም ተጐድቷል። መፍትሔው ግን መመርመርን መተው አይደለም፤ መመርመርን ከሚቀበለው ሰው አፍ ማስጀመር ነው። ገንዘቡን የላከ ቅን ገዢ አስቀድሞ «እመቤቴ፣ ሒሳብዎን ከፍተው ይመልከቱ፤ እኔ እጠብቃለሁ» ቢል፣ ሻጭዋን ከይሉኝታዋ ነጻ ያወጣታል፤ እርስዋም «ወንድሜ፣ ሰክተህ ሞክረው፣ ከዚያ ትከፍላለህ» ብትለው እንዲሁ። እንዲህ ያለው ቃል በሁለት እንግዶች መካከል ሲነገር የሰማ ሰው በመካከላቸው የበቀለው መጠራጠር ነው ሊል አይችልም። «ቶሎ በል፣ አታምነኝም ወይ?» የሚለው ቃል ደግሞ ከማንም አፍ ይውጣ፣ ያን ጊዜ ሽያጩን ማቆም ይሻላል።

የቀረ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በስሕተት ስለ መጣ ገንዘብ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአሠራር ብልሽት ደርሶ በአንዲት ሌሊት የብዙ ሰዎች እጅ ከሒሳባቸው በላይ ባወጡት ከ800 ሚሊዮን ብር በሚበልጥ ገንዘብ ላይ አረፈ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። አብዛኛው ገንዘብ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሷል፤ ማንም ባያየው የእኔ ያልሆነው የእኔ አይሆንም የሚለው እውነት በአደባባይ ተፈተነ። አታላዮች ግን ይህን ቅን ስሜት ደግሞ ያጠምዱታል። «በስሕተት ልኬብዎታለሁ፤ እባክዎ በዚህ ቍጥር ይመልሱልኝ» የሚል ድምፅ በስልክ ሲመጣ፣ መመለስ ግዴታ ነው፤ የሚመለስበት መንገድ ግን የደወለው ሰው የነገረን ቍጥር አይደለም። መጀመሪያ ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱ በራስ ሒሳብ ይታይ፤ ገብቶ ከተገኘም ለባንኩ ወይም ለአገልግሎት ሰጪው ተነግሮ፣ በመጣበት መንገድ ይመለስ። ያለዚያ ያልገባውን ከራስ ኪስ አውጥቶ መስጠት ይመጣል።

የተታለለ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ «ሞኝ» እንዳይባል ያፍራልና። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ይቀጣል፤ ነገር ግን ሕጉ የሚሠራው መልእክቱና የስልክ ቍጥሩ ሳይጠፋ በዚያው ዕለት ለባንኩና ለፖሊስ ሲነገር ነው። ያችም እናት በማግሥቱ የደረሰባትን በዚያው ደረጃ ለሚኖሩት ሁሉ፣ ቍጥሩንም ጭምር፣ ልትነግራቸው ይገባል፤ ከላይዋ ባለው ፎቅ ሶፋ የሚሸጥ ሌላ ጎረቤት አለና።